ሳይገዙ ለምን ይወጣሉ?

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በደብረ ታቦር ከተማ ስልጠና ተብሎ እኔ የቀረሁበት አልነበረም። የማርኬቲንግ ተማሪ ነበርኩ። አንድ አዳራሽ በር ላይ ባነር ተሰቅሎ ካየሁ ምን እንደሚል አንብቤ ሳልጨርስ እግሬ ወደዚያ ይዞራል። የሥራ ፈጠራ፣ የአመራር ክህሎት፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የደንበኛ አያያዝ፣ የሲቪ አጻጻፍ፤ በሁሉም ላይ ተገኝቻለሁ። ስሜን ጽፌ እፈርማለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እቀበላለሁ፣ በሻይ ሰዓት ሳምቡሳ እበላለሁ፣ በመጨረሻም ምስክር ወረቀቴን በሁለት እጄ ይዤ ከአሰልጣኙ ጎን ፎቶ እነሳለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ለምሳው ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም። በተማሪዎች ካፌ ሽሮና ምስር ሲፈራረቁብን ይከርማሉ፤ ስልጠና ባለበት ቀን ግን ጥብስ ይገኛል። እየቆየ ሲሄድ ምሳው ቀርቶ ምስክር ወረቀቱ ራሱ ሱስ ሆነብኝ። ስሜ በትልቅ ፊደል ተጽፎ፣ ከሥሩ ክብ ማኅተም አርፎበት ሳየው ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ላይ የአባቴን ስም አሳስተው ጽፈውታል፤ እሱንም አልጣልኩትም። ሁሉንም በፕላስቲክ አቃፊ ውስጥ እያስገባሁ ከፍራሼ ሥር አስቀምጥ ነበር። አንድ ዶርም የምንኖረው ጓደኛዬ አቃፊውን ባየ ቁጥር፣

"ይኼን ሁሉ የት ልትለጥፈው ነው?" ይለኛል።

"ሥራ ስንፈልግ ታየኛለህ" እለዋለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተመራቂዎችና ለእኛ የሙከራ ቃለ መጠይቅ ተዘጋጀ። ከባሕር ዳር የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ የሆኑ ሴት ተጋብዘው መጡ። አዳራሹ ፊት አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ተደረገና ተማሪዎች በየተራ እየወጣን፣ ሌላው እያየን፣ እንደ እውነተኛ ሥራ ፈላጊ እንድንጠየቅ ተባለ። እጄን ያወጣሁት ከሁሉም ቀድሜ ነው። አቃፊዬን ይዤ ወጣሁ፤ የጓደኛዬን ኮት ለብሻለሁ፤ ጫማዬን አስጠርጌአለሁ።

ሴትየዋ አቃፊውን ተቀብለው እያንዳንዷን ወረቀት ገለጡ። ሳይቸኩሉ ነው የገለጡት። እኔ በልቤ ተደምመዋል እያልኩ ነበር።

"ከእነዚህ አንዱን ምረጥልኝ" አሉ።

"የቱን?"

"ደስ ያለህን።"

የደንበኛ አያያዝ የሚለውን አወጣሁ። የወረቀቱ ጥራት ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር።

"እሺ። ይህን ስልጠና ከወሰድክ በኋላ ምን ሠራህበት?"

ወረቀቱን ገለበጥኩት። የአሰልጣኙን ንግግር በሙሉ በቃሌ ልወጣው እችል ነበር፤ የደንበኛ ዓይነቶችን ከነዝርዝራቸው ልነግራቸው እችል ነበር። ምን ሠራህበት ሲሉኝ ግን አንድም ነገር አልነበረኝም። ማኅተሙን በጣቴ እያሳየሁ፣

"ምስክር ወረቀት አገኘሁበት" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም። አቃፊውን በቀስታ ዘግተው መለሱልኝና፣ "እኔ መጥቶ የሰማ ሰው አይደለም የምፈልገው፤ ሄዶ የሞከረ ሰው ነው። ሞክሬ አልሆነልኝም ብትለኝ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር" አሉኝ።

ከዚያ ወንበር ተነስቼ እስከ ቦታዬ የሄድኩባት መንገድ አስር እርምጃ አትሞላም፤ እኔ ግን ከጋይንት እስከ ደብረ ታቦር በእግሬ የመጣሁ ያህል ደክሞኝ ተቀመጥኩ። ለሁለት ቀን ሴትየዋን ስረግም ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን እርግማኔ አለቀብኝ። እውነታቸውን ነበር።

ቤተሰቦቼ ጋፋትን አልፎ ባለ መንደር ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴ ከከብቶቹ በረት ደጃፍ ቁጭ ብሎ ቀንበር እየጠገነ፣ "ሁልጊዜ ስልጠና ስልጠና ትላለህ፤ ለመሆኑ ምን ያሰለጥኗችኋል?" አለኝ።

"ስለ ደንበኛ አያያዝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ደንበኛ አለህ እንዴ?"

መሳለቁ አልነበረም፤ ለማወቅ ነው የጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። "እህ" ብሎ ወደ ቀንበሩ ተመለሰ። ያቺ "እህ" ከአዳራሹ ሳቅ ይበልጥ አመመችኝ።

ወር ሳይሞላ ሌላ ስልጠና መጣ። ይኼኛው ተማሪዎችንና የከተማውን ነጋዴዎች በአንድ ላይ ያስቀመጠ ነበር። መቅረት አስቤ ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ ሄድኩ። ብቻ በዚያ ቀን ከፊት ወንበር አልተቀመጥኩም፤ ፎቶ የሚነሳበትን ቦታም አላየሁም። ኋላ፣ ግድግዳው ጋ ተቀመጥኩ። ከኋላ ሲታይ አዳራሽ ሌላ ነው። ማን እንደሚሰማ፣ ማን ስልኩን እንደሚነካካ፣ ማን ተነስቶ ሊወጣ እንደሚያቅማማ ሁሉ ይታያል።

አሰልጣኙ ደንበኛን ስለ ማርካት በስላይድ ሲያስረዳ ቆይቶ ጥያቄ ካለ ብሎ ጋበዘ። ከነጋዴዎቹ መካከል ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ አዛውንት ተነሱ። ገበያው ዳር በሜትር የሚሸጥ ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ ናቸው። በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ በሱቃቸው ደጃፍ ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ።

"የገዛኝን ሰው አውቀዋለሁ" አሉ። "ምን እንደወደደ አውቃለሁ፤ ደግሞም ይመለሳል። እኔን የቸገረኝ ሳይገዛኝ የሚወጣው ነው። ይገባል፣ ጨርቁን ይዳስሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከዚያ 'እግዜር ይስጥልኝ' ብሎ ይወጣል። ለምን እንደወጣ በምን ልወቅ?"

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ አሰልጣኙ። "ከሰዓት በኋላ እንመለስበታለን።"

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ቀኑ ሐሙስ ነበርና የፍስኩ ጠረጴዛ ላይ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። እጄን ታጥቤ ስመለስ ጥብሱ አልቆ ድስቱ ግርጌ መረቅ ብቻ ቀርቷል። ሳህኔን ይዤ ማንም ወዳልነበረበት ወደ ጾሙ ጠረጴዛ ሄድኩ። ሐጂ ብቻቸውን ቆመው ሽሮ እየጨለፉ ነበር።

"ምነው ልጄ፣ እኔስ የክርስቲያን ሥጋ ስለማልበላ ነው። አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?"

"አልቆብኝ ነው፣ ሐጂ።"

ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ሁሉ ይነቃነቃል። ጨልፈን አብረን ተቀመጥን። ከመምህራኑ፣ ከባንክ ሥራ አስኪያጁና ከሆቴሉ ባለቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተማሪው እንደ ንብ ሰፍሯል፤ እኛ ጋ ማንም የለም። ጥቂት ከበላን በኋላ፣ "ሐጂ፣ ጥያቄዎ መልስ አላገኘም አይደል?" አልኳቸው።

"ከሰዓት ተብሏል።"

"ከሰዓትም አይመለሱበትም። እኔ ብዙ ስልጠና ስለገባሁ አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ መልሱን አንተ ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም" አልኩ። ከዚያ ሳላስበው፣ "ግን የወጡትን ሰዎች ራሳቸውን ብንጠይቃቸውስ?" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።

ሐጂ ጉርሻቸውን አቁመው አዩኝ። "እኔ ብጠይቃቸው እውነቱን አይነግሩኝም። ባለሱቁን ፊት ለፊት 'ዕቃህን አልወደድኩትም' የሚል ማን ነው? ያፍራሉ። አንተን ግን ማንም አያውቅህም።" ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። "ቅዳሜ ና።"

ከሰዓት በኋላ እውነትም ማንም አልተመለሰበትም።

ቅዳሜ ገበያው ሳይሞላ ደረስኩ። የጓደኛዬን ኮት ለብሻለሁ፤ ኮምፒውተር ላይ ጽፌ ያሳተምኩትን መጠይቅ በሰሌዳ ላይ አጣብቄአለሁ። ከሐጂ ሱቅ ማዶ፣ ጨው ሻጮቹ ጎን ቆምኩ። ሳይገዛ የወጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ተከትዬ "ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ብጠይቅዎ?" እላለሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ እርምጃውን አፈጠነ። ሁለተኛዋ ሴትዮ ልጇን በእጇ ጎትታ መንገዱን ተሻገረች። ሦስተኛው፣ አንድ ሽማግሌ፣ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ "የግብር ሰው ነህ?" አሉኝ።

"አይ፣ ተማሪ ነኝ።"

"ተማሪ ኮት ለብሶ ገበያ መሃል ሰው ያስቆማል? ማን ልኮህ ነው?"

እስከ ቀትር ድረስ መጠይቁ ላይ አንድም መልስ አልሞላሁም። ጨው ሻጮቹ ሳይቀሩ ይጠራጠሩኝ ጀመር። ሐጂ በደጃቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው በእጃቸው ጠሩኝና ሻይ አዘዙልኝ። "ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ገዢ አባረርክብኝ" ብለው ሳቁብኝ። አፍሬ መሬት ልገባ ደርሼ ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን የባሕር ዳሯ ሴትዮ ትዝ አሉኝ። አሁን አንድ ነገር ሞክሬአለሁ፤ አልሆነልኝም። ይህን እንኳ ማለት እችላለሁ። ብርጭቆውን አስቀምጬ፣ "በሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ" አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮቱን ለባለቤቱ መለስኩ። ሰሌዳውን ዶርም ተውኩት። ሹራቤን ለብሼ ሄድኩና ሰው ማስቆሙን ትቼ አብሬ መራመድ ጀመርኩ። ረፋድ ላይ ጋቢ የደረበች፣ ጥላ የያዘች አንዲት የገጠር እናት ከሱቁ ወጣች። ውስጥ ሳለች አንድ ጥቅል ጨርቅ ደጋግማ ስትዳስስ፣ ትታው ስትሄድ፣ ተመልሳ ስትዳስስ አይቻታለሁ። ከጎኗ ሆኜ፣

"እናቴ፣ ያንን ጨርቅ የወደዱት መስሎኝ ነበር። ምነው ተዉት?" አልኳት።

"አንተን ምን አገባህ?"

"የንግድ ተማሪ ነኝ። ሰው ለምን እንደማይገዛ ለመማር ነው።"

ቆመች። "ለዚህም ትምህርት አለው?"

"አለው።"

"ጉድ እኮ ነው!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ዙሪያዋን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጨርቁን ወድጄዋለሁ። ግን ሱቁ ጨለማ ነው። መብራቱ ደግሞ ያወናብዳል። አረንጓዴ ነው ይሉኛል፤ እኔ ጥቁር ነው የሚታየኝ። ልጄን በጥምቀት ሐዘንተኛ ላስመስላት? አምና እንዲያው ወስጄ ቤት ብደርስ ሌላ ቀለም ሆኖ አገኘሁት።"

"ታዲያ ደጅ አውጥተው በፀሐይ አያዩትም ነበር?"

"ምን ብዬ! ገና ያልገዛሁትን ጨርቅ ተሸክሜ ብወጣ ይዛ ልትሮጥ ነው አይሉኝም? እኔ እንዲህ ያለ ስም አልፈልግም። ስለዚህ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።"

በዚያ ቀን ከሌሎችም ጋር ተራመድኩ። አንዱ ዋጋው ተወድዶበት ነበር፤ አንዷ ከጎረቤቷ ጋር ልትማከር ነበር። የቀሩት ሴቶች ግን፣ በየራሳቸው አነጋገር፣ ያችኑ ጨለማና ያንኑ እፍረት ነገሩኝ። ደሜ ሞቀ። በዚያ ሁሉ የስልጠና ዕድሜዬ ማንም በስላይድ ያላሳየኝን ነገር አሁን ይዣለሁ። መልሱን ከማንም አልሰማሁትም፤ ሄጄ አመጣሁት።

ለሐጂ ስነግራቸው አልተዋጠላቸውም። "ይኼን መብራት እኮ ሱቁ እንዲያምር ብዬ ነው ያስገባሁት። በመብራት አይታይም ይሉሃል?"

"አረንጓዴውንና ጥቁሩን ጥቅል ይያዙና ወደ በሩ ይምጡ" አልኳቸው።

ጥቁር አረንጓዴውንና ጥቁሩን በሁለቱ ብብታቸው ሥር ይዘው ወጡ። ውስጥ ሳሉ መንትያ የሚመስሉት ጨርቆች በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲያርፍባቸው አንዱ እንደ ክረምት ሣር ለመለመ፤ ሌላው ጥቁርነቱን ጠበቀ። ሐጂ አንዴ ይኼን አንዴ ያንን ያያሉ።

"ሱብሃነላህ!" አሉ። "እኔ ቀለሙን በቃሌ ስለማውቀው አንድ ቀን አይቼው አላውቅም ማለት ነው።"

በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ይውጣ ስል ግን ተከራከሩኝ። አቧራ አለ፤ ፀሐይ ጨርቅ ያደበዝዛል፤ የገበያ ግፊያ አለ። እውነት ነበራቸው። ብዙ ተነጋግረን አንድ ጠባብ አግዳሚ እንዲወጣ፣ ከየጥቅሉ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ ብቻ እንዲዘረጋ፣ ሙሉውን ጨርቅ ማየት የፈለገች ሴት ካለች ደግሞ እኔ ራሴ ይዤላት እንድወጣ ተስማማን። እስከ ጥምቀት ያሉትን ቅዳሜዎች በረንዳው ላይ ልቆም ቃል ገባሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሁለተኛው ላይ ያቺ ጥላ የያዘችው እናት ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። "ይኼውላችሁ፣ ያ ጠያቂው ልጅ!" ብላ አስተዋወቀችኝ። አረንጓዴውን ወደ ፀሐዩ ይዤላት ወጣሁ። በመዳፏ ላይ ዘርግታ ጫፉን ከነጠላዋ ጥለት ጋር አስተያየችውና፣ "ቁረጥልኝ!" አለች። ድምጿ ጨው ሻጮቹ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ በረንዳው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሴቶቹ እርስ በርስ ቀለም ይመራረጣሉ፣ ይሟገታሉ፣ ቁራጩን ከቁራጭ ያጋጥማሉ፤ መንገደኛውም ግርግሩን አይቶ ምን ተገኘ ብሎ ይመጣል። ሐጂ መቀስ ይዘው ከውስጥ ወደ ደጅ ሲመላለሱ ላባቸውን በኮፍያቸው ይጠርጋሉ።

ወሬው መንደራችን ደረሰ። ልክ በጥምቀት ዋዜማ ሳምንት፣ ሰው በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ቀና ስል አባቴን አየሁት። ከማዶ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። ሰው ሲቀል መጣ።

"ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ በረንዳ ላይ ጨርቅ ልትዘረጋ ነው?" አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ ይልቅ ግራ የተጋባ ነበር።

ምን ብዬ እንደማስረዳው ሳስብ ሐጂ ከውስጥ ወጡ። አባቴ መሆኑን ሲያውቁ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት። "እርስዎ ነዎት አባቱ? ልጅዎ ጨርቅ እየሸጠልኝ አይደለም" አሉት። "ሱቄን እያሳየኝ ነው። እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ውስጡ ተቀምጬ ያላየሁትን እሱ ደጅ ቆሞ አየልኝ።"

አባቴ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ ወደ አግዳሚው ጎንበስ አለና ቁራጮቹን አንድ በአንድ በሻካራ ጣቶቹ ዳሰሰ። "ለእናትህ የቱ ይሆናታል?" አለኝ።

ሰማያዊውን ይዤለት ወደ ፀሐዩ ወጣሁ። ከጥቅሉ ሲቆረጥለት ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ "እንግዲህ ደንበኛ አገኘህ" አለኝ። በሕይወቴ ማኅተም ያለበት ብዙ ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያኮራኝ የለም።

ከጥምቀት በኋላ ያው የነጋዴዎችና የተማሪዎች መድረክ ዳግመኛ ተጠራ። ሐጂ ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ተጋበዙ። አዘጋጁን፣ "እኔ ብቻዬን አልናገርም፤ ልጁ ካልቆመ እኔም አልቆምም" ብለው እምቢ አሉት። እኔም በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ከሐጂ ስም ቀጥሎ የራሴን ስም አየሁ። በዚያ ቀን ሐጂ ያሰፉልኝን ሱሪ ለብሼ ሄድኩ።

መድረኩ ላይ ወጣሁ። "የተከበራችሁ እንግዶች፣ የዛሬው ርዕሰ ጉዳያችን..." ብዬ ከወረቀቴ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። አሰልጣኞቹን እየመሰልኩ መሆኔ ለራሴም ተሰማኝ። ሐጂ ከጎኔ ሆነው ማይክራፎኑ እስኪሰማው ድረስ፣ "እንደ በረንዳው አድርገህ ተናገር እንጂ!" አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ከውድቀቴ ጀመርኩ፦ የተዋስኩትን ኮት፣ ሰሌዳዬን፣ የግብር ሰው ነህ ያሉኝን ሽማግሌ ነገርኳቸው። ሲስቁ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ እያሉ ነበር። ጨርቁ ፀሐይ ላይ ቀለሙን ሲለውጥ የሆነውን ስነግራቸው ግን ደብተር አውጥተው መጻፍ ጀመሩ። ኋላ ግድግዳው ጋ ስልክ የሚነካካ ሰው እንደሌለ ከመድረኩ ሆኜ አየሁ።

ጥያቄው ጎረፈ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "እኛ እንደ አንተ የምናውቀው ነጋዴ የለንም። ከየት እንጀምር?" አለች።

"ዛሬ ምሳ ላይ ሰልፍ የሌለበት ጠረጴዛ ሂጂ" አልኳት። "ብቻውን የሚበላ ሰው ታገኛለሽ። ምን እንደቸገረው ጠይቂው።"

ሐጂ ከሁሉም ጮክ ብለው ሳቁ። በምሳ ሰዓት የጾሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው ሞልቶ እኔና ሐጂ ራሳችን መቀመጫ አጣን።

ሳህናችንን ይዘን ቆመን ሳለ የከተማው ዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ወደ እኔ መጣ። ዱቄቱን አንዴ ገዝተው የማይመለሱ ዳቦ ቤቶች እንዳሉና ለምን እንደሆነ ማወቅ እንደሚፈልግ ነገረኝ። "ምን ምን ሰርተፊኬት አለህ?" አላለኝም። "መቼ ትጀምራለህ?" ነው ያለኝ። የተመረቅኩ ሰሞን ሥራ ጀመርኩ። ዶርም አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ያኔ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ክፍት የሥራ ቦታ ይገለብጥ ነበር፤ አሁን እሱም አብሮኝ ነው፤ ዳቦ ቤቶቹን እየዞረ የሚጠይቀው እሱ ነው።

ስልጠና መሄድ አልተውኩም። ዛሬም ባነር ሳይ እግሬ ይዞራል። ብቻ የምገባው ለሌላ ነገር ነው። አሰልጣኙ ካለው ይበልጥ ከተሰብሳቢው መካከል መልስ ሳያገኝ የተቀመጠውን ጥያቄ ነው የምጽፈው። ከዚያ ያን ጥያቄ የጠየቀውን ሰው ሳይሄድብኝ እይዘዋለሁ። ያልገባኝን አልገባኝም ማለትም ተምሬአለሁ፤ ይህ ለእኔ ቀላል አልነበረም። እንደ እኔ ከገጠር መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያላወቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ መቀመጥ ይቀናዋል።

ባለፈው ዓመት ይፋግ ላይ ለሽንኩርትና ለነጭ ሽንኩርት ነጋዴዎች እንድናገር ተጠራሁ። በሚኒባስ ወርጄ፣ ከመንገዱ ዳር ባለች ትንሽ አዳራሽ ገብቼ፣ ንግግሬን ገና ከመጀመሬ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ እጇን ሳታወጣ ተነሳች።

"ልጄ፣ የምትለው ደስ ይላል። እኔ ግን ሽንኩርቴን ጥዬ ነው የመጣሁት። መኪና ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ያያል፣ ይመለሳል። ንግግሩን ተወውና ና እዚያ ቁም!"

አዘጋጁ ሊያስቀምጣት ተነሳ። "ተዋት፣ ልክ ናት" አልኩትና ከመድረኩ ወረድኩ። አዳራሹ ተከትሎን ወጣ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሚኒባስ ቆሞ ነበር፤ አንዲት ወጣት በትልልቅ መደብ የተከመረውን ሽንኩርት አይታ ወደ መኪናዋ ስትመለስ ከጎኗ ሆኜ ጠየቅኳት።

"ሽንኩርቱ ጥሩ ነው" አለች። "ግን ይኼን ሁሉ መደብ የት አደርገዋለሁ? ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው ያለው። ትንሽ ቢሆን እወስድ ነበር።"

ሽንኩርት ነጋዴዋ እስኪያስረዷት አልጠበቀችም። እዚያው ተንበርክካ መደቡን አፈረሰችና በስስ ፌስታል ትንንሽ አድርጋ ማሰር ጀመረች። ሌሎቹም መደባቸውን ያፈርሱ ገቡ። የመጀመሪያዋን እስር ራሷ ሮጣ በመኪናው መስኮት ለወጣቷ አቀበለቻት። ከኋላዋ ሌላ እጅ ወጣ፤ ከዚያም ሌላ። ሾፌሩ ክላክሱን እያንጫረረ፣ "እኔም አንድ ስጡኝ እንጂ!" ይላል። ነጋዴዎቹ በሳቅና በጩኸት ከመስኮት መስኮት ይሯሯጣሉ፤ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ፌስታል አስራለሁ።

"ሌላ መኪና መጣ!" አለች ሴትየዋ፣ ሁለት እጇን በሽንኩርት ሞልታ። "ቶሎ በል እንጂ፣ አሰልጣኝ!"